ለአንዲት ጣት የተላኩ ሽማግሌዎች

የአባ ገብሩ የግራ እግር አውራ ጣት የጠቆረች ጊዜ፣ እሳቸው መጀመሪያ ጫማውን ከሰሱ። ጫማው ሲቀየር ካልሲውን ከሰሱ። ካልሲው ሲወልቅ ደግሞ ሰንበት ማታ በባሕሩ ዳር ሲንሸራሸሩ ያደናቀፋቸውን ድንጋይ እያነሱ ረገሙት። ስኳራቸውን ብቻ ማንም እንዲያነሳባቸው አልፈለጉም። ሚስታቸው እማ ሐረጊቱ «ኧረ ስኳሩ ነው፣ አንተ ሰው!» ባሉ ቁጥር፣ አባ ገብሩ ሻያቸው ላይ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨመር አድርገው ያማስላሉ። መልሳቸው ያ ነበር። አራት ማንኪያ ሲደርስ ሆስፒታል ገቡ።

በእስራኤሏ የአሽዶድ ከተማ እሳቸው የተኙበት ሆስፒታል ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር ሲጋል ናት። እጇ ወርቅ ነው፣ ይህን ማንም አይክዳትም። አመሏ ግን ጥድፊያ! ቁጭ ብላ ያያት ሰው የለም። በሩ ላይ ሆና ንግግሯን ትጀምራለች፣ አልጋው ጋ ስትደርስ ጨርሳለች።

«ገብሩ፣ ጣትህ ሞታለች። በዚህ ሳምንት ካላወጣናት መርዙ ወደ እግርህ ይወጣል። ከዚያ እግርህን ነው የምንቆርጠው። ወይም አንተን ነው የምናጣው። እሺ?» አንተ ማለቷ በእብራይስጥ ወግ ነው፣ አይፈረድባትም።

«አይሆንም» አሉ አባ ገብሩ።

«ለምን?»

«አይሆንም።»

ከዚያ ወዲያ ቢሏቸው፣ ቢያባብሏቸው፣ ሌላ ቃል ጠፋ። ዐይናቸውን ከአልጋቸው ግርጌ ባለችው ቢጫ ባልዲ ላይ ተከሉ። ነርሶቹ የቁስል ፋሻውንም፣ ጥጡንም፣ የሚጣለውን ሁሉ የሚከቱባት ክዳን ያላት ባልዲ ናት። ዶክተር ሲጋል እርር ድብን ብላ ወጣችና ስልኳን አንስታ አገኘሁሽን ጠራች።

አገኘሁሽ የሆስፒታሉ ዖቬደት ሶፂያሊት ናት። በኛው ቋንቋ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንበላት፤ የታማሚን ጭንቀት የምትሰማ፣ መብቱን የምትጠብቅ ማለት ነው። ያደገችው ሮቫ ዳሌት በሚባለው የከተማው ሰፈር ነው። ሠላሳ ካለፋት ቆይቷል፣ ጂንስ ትለብሳለች፣ አላገባችም። ይህን የመጨረሻውን እኔ አይደለሁም ያነሳሁት፣ የኛ የቤተ እስራኤል ሰው ሁሉ ሲያገኛት መጀመሪያ የሚያነሳው እሱን ስለሆነ ነው። የእሷ መከራ ሌላ ነው። የኛ ሰው ሐኪሙን እምቢ ሲል ሆስፒታሉ እሷን ይጠራል፣ ሆስፒታሉ የኛን ሰው እምቢ ሲል ደግሞ የኛ ሰው እሷን ይጠራል። ሁለቱም «የኛ ናት» ይሏታል፣ ሁለቱም ይቆጧታል።

«ያንቺ ሰው ነው። ግቢና ፊርማውን አምጪልኝ» አለቻት ዶክተር ሲጋል።

«ፊርማ ማምጣት ሥራዬ አይደለም። ሥራዬ ነገሩ ገብቷቸው፣ ማንም ሳያስገድዳቸው፣ በገዛ አፋቸው እሺ ወይም እምቢ ማለታቸውን ማወቅ ነው።»

«ግሩም! እንግዲያው ቶሎ እወቂው» አለችና ዶክተሯ ኮሪደሩን ይዛ ጠፋች።

አገኘሁሽ ገብታ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጠች። «አባ ገብሩ፣ እግዜር ይማርዎ። ስለ ጣትዎ ልንጨዋወት ነው የመጣሁ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

ነገረቻቸው። አባ ገብሩ አባቷን፣ አያቷን፣ ቅድመ አያቷን እየጠሩ ወደ ላይ ወጡ፣ ከጎንደር አንዱ ቀበሌ ደረሱና በደስታ ጮኹ፤ «በስድስት ቤት እንገናኛለን! ዘመዴ ነሽ! ባል አለሽ?»

«ስለ ጣትዎ ብንነጋገር…»

«የወንድሜ ልጅ አለ፣ የአውቶቡስ ሾፌር። እሱም በስድስት ቤት ይሆናል… ወይኔ፣ አይሆንማ! ሰባት አልሞላም!» ብለው ከልባቸው አዘኑ። ለጣታቸው ያላዘኑትን ለሷ ባል ማጣት አዘኑ።

ከጎን ባለው አልጋ የተኛው ዮኤል ይባላል። ሮቫ ሄ ውስጥ የዓሣ ሱቅ አለው፣ ሐሞት ከረጢቱን አስወጥቶ ነው የተኛው። ወሬ ካመለጠው ስፌቱ የሚተረተር የሚመስለው ሰው ነው። አማርኛ ስለማያውቅ «ምን አለ? ምን አለ?» እያለ አገኘሁሽን ያስጨንቃታል። እሷም «የታማሚ ምስጢር ነው» እያለች እሱንም አስቆጣችው። ያን ቀን ያለ አንዳች ፍሬ ወጣች።

በማግስቱ እማ ሐረጊቱ እንባቸውን ጠረጉና ወደ ሥራቸው ገቡ። ማለቴ፣ ሽማግሌ ላኩ።

ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሱፍ ለብሰው፣ ከላይ ነጭ ነጠላ ጣል አድርገው፣ ከዘራቸውን ይዘው። ከፊት አባ ታዬ። አባ ታዬ ማለት በከተማው የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ የሚፈራቸው ሰው ናቸው፤ እሳቸው አስታርቀውት ሳይታረቅ የቀረ የለም። ገብተው ከአልጋው ግርጌ ተሰለፉና ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ!» አሉ አባ ገብሩ።

«አንቀመጥም» አሉ አባ ታዬ። «ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን። ቃላችን ካልተሰማ አንቀመጥም።»

ነርሷ ወንበር አመጣች። አልተቀመጡም። ሻል ያለ፣ ትራስ ያለው ወንበር አመጣች። አሁንም ቆመዋል። ወደ አገኘሁሽ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ሦስቱም ኪንታሮት አለባቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት። አገኘሁሽ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች።

ሳቋ ግን ወዲያው ደረቀ። አባ ገብሩ ጨዋ ያሳደጋቸው ሰው ናቸው፤ ሽማግሌ ቆሞ እሳቸው አይተኙም። ብርድ ልብሱን ገፈፉና፣ በዚያች በጠቆረች ጣታቸው ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ! የሆስፒታሉ ቀሚስ ከኋላው ክፍት ነው። እማ ሐረጊቱ «ወይ ጉዴ!» ብለው ነጠላቸውን ይዘው ከኋላ ሲሮጡ፣ ዮኤል ከአልጋው ላይ አንገቱን ሲያሰግግ፣ ነርሷ «እግሩ! እግሩ!» ስትል ክፍሉ ታወከ። እግራቸውን ሊያድኑ የመጡት ሽማግሌዎች እግራቸውን ሊገድሉት ነው።

«አባ ገብሩ፣ ይተኙ!» አለች አገኘሁሽ።

«እነሱ ይቀመጡ።»

«አባ ታዬ፣ እባክዎ ይቀመጡ!»

«እሱ እሺ ይበል።»

አባ ገብሩ ላብ በላብ ሆኑ። ያቺን ቢጫ ባልዲ አንድ ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «እሺ… ለእናንተ ስል፣ እሺ።»

እማ ሐረጊቱ እልልታቸውን አቀለጡት። ሽማግሌዎቹ ዘፍ ዘፍ ብለው ተቀመጡ። እልልታውን የሰማችው ዶክተር ሲጋል ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ደረሰች። አገኘሁሽ ታዲያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? በዶክተሯና በአልጋው መካከል ገብታ ተገተረች።

«አሁን አይፈርሙም» አለች።

ጉድ ፈላ! ዶክተር ሲጋል «እሺ አለ፣ ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል!» ብላ ጮኸች።

«እሺ ያሉት ሽማግሌዎቹ እንዲቀመጡ ነው እንጂ ጣታቸው እንድትቆረጥ አይደለም። ተጨንቀው ያሉት ቃል ፈቃዳቸው አይደለም። ቆመው እሺ ያሉትን ሲተኙ ይድገሙት፣ ያን ጊዜ አምናለሁ።»

ሁሉም ወደ አልጋው ዞሩ። አባ ገብሩ ተኝተዋል። ዐይናቸውን ጨፍነው ያንኮራፋሉ፤ ውሸታቸውን እንደሆነ ቅንድባቸው ይናገራል።

«አንቺ ልጅ፣ የማን ልጅ ነሽ?» አሉ አባ ታዬ፣ የዛሬው አጠያየቅ የዘመድ አልነበረም። እማ ሐረጊቱም «ባሌን ልትገድዪው ነው ወይ የተማርሽው?» ብለው አለቀሱ። ከሰዓት በኋላ እናቷ ከሮቫ ዳሌት ደወሉ፤ ወሬው ከሷ ቀድሞ ቤት ደርሶ ኖሯል። «እንዳንቺ ባለች ልጅ የተነሳ እኔ በምን ፊቴ ልውጣ?» አሏትና ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጉት።

አገኘሁሽ ፈራች። ለምን ይዋሻል! ሕጉን ታውቃለች፣ ሰው በገዛ አካሉ ላይ የሚወስነው ራሱ ነው። ግን ሕግ የሰውን እግር አያድንም። አባ ገብሩ ነገ እግራቸውን ቢያጡ፣ ወይ ከናካቴው ቢሞቱ፣ ያቺን ወረቀት ያስቀረችው እሷ ናት። ልትመለስና «ፈርሙ» ልትላቸው ሁለት ጊዜ ተነሳች። ሁለቴም በፊቷ ድቅን ያለባት ያ ላባቸው ነበር። በሦስተኛው ሄደች፣ ግን ወረቀት ሳትይዝ ሄደች።

ጠያቂ ሁሉ ወጥቷል። መጋረጃውን ሳበችና ቁጭ አለች። አባ ገብሩ ለጥቂት ጊዜ አንኮራፉ፣ ሰለቻቸውና አንድ ዐይናቸውን ገለጡ።

«ሄዱ?»

«ሄደዋል። እኔም ፊርማ ልጠይቅዎ አልመጣሁም። እምቢ ቢሉም እምቢታዎን ይዤላቸው እሄዳለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያችን ባልዲ ምን አድርጋዎት ነው እንዲህ የሚያይዋት?»

አባ ገብሩ ተነስተው ተቀመጡ። ግራ ቀኝ አዩ። «ማታ ማታ ጽዳቷ መጥታ ትወስዳታለች» አሉ። «የማንም ፋሻ፣ የማንም ጥጥ፣ የማንም ደም ያለባት ናት። የኔም ጣት እዚያ ናት የምትገባው። ይኸዋ!»

አገኘሁሽ አፏን ከፈተች፣ እሳቸው ግን አላበቁም። «አዲስ አበባ ላይ ወደ እስራኤል የምንመጣበት ተራ እስኪደርስ ስንጠብቅ እናቴ አረፈች። እዚያው ቀብረናት በአውሮፕላን መጣን። መቃብሯ ላይ ዛሬ ምን እንዳለበት አላውቅም። እኔ እንኳ አንድ ቦታ ልሰብሰብ እንጂ፣ ጣቴ ከቆሻሻ ጋር፣ እኔ ሌላ ጋ፣ እንዲህ ተበትኜ ልቅር? ጣት ናት፣ ታመመች እንጂ አልበደለችኝም። ቅበሩልኝ ነው የምል።»

አገኘሁሽ ወንበሯን ጠጋ አደረገች። «ታዲያ ይህን ለዶክተሯ ለምን አልነገሯትም?»

«እኔ ራሴ?» አሉ አባ ገብሩ፣ ነውር የሰሙ ያህል። «ዐይኔን በጨው አጥቤ? ሰው ለራሱ ጉዳይ ራሱ ቆሞ ይለምናል እንዴ? ሰው ይልካል እንጂ!»

«ለአባ ታዬስ ቢነግሯቸው?»

«እሷ ቀድማ ላከቻቸው! ከተማው ውስጥ ያለውን ሽማግሌ ሁሉ ሐረጊቱ ወሰደችብኝ። በኔ ላይ የተላከን ሰው መልሼ ልላከው? ደንብ አይደለም። እኔ በማን ልላክ?»

ይኸው፣ ነገሩ ይህ ነበር! ሰውዬው ሞትን መርጠው አይደለም፣ ሽማግሌ አጥተው ነው።

«እኔን ይላኩኝ» አለች አገኘሁሽ።

አባ ገብሩ ከጫማዋ እስከ ጂንሷ፣ ከጂንሷ እስከ ጠጉሯ አዩዋት። «አንቺን? ሽማግሌ?»

«ምን ጎደለኝ?»

«ሽበት።»

«አለኝ፣ እዚች ጋ፣ ዛሬ ነው ያበቀልሁት። ሥራዬ እኮ ይኸው ነው፣ አባ ገብሩ። ለታማሚው መቆም።»

አሰቡ። «ብቻዋን የምትሄድ ሽማግሌ የለችም። ሦስት መሆን አለባችሁ።»

ከመጋረጃው ወዲያ «ምን አለ? ምን አለ?» የሚል ድምፅ ተሰማ። አገኘሁሽ ደንቧን አልሳተችም። «ምስጢርዎ ነው፤ ልንገረው ወይስ አልንገረው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ንገሪው። ወዲህ ጎትቶ ሳያወጣው አያድርም።»

ስትነግረው ዮኤል ጠጉሩ ቆመ። «የሰው ጣት ባልዲ ውስጥ? እኔ የዓሣ ጭንቅላት እንኳ እንዲያ አልጥልም!» አለና ከአልጋው ወረደ። በደም ሥሩ የሚንጠባጠበው ሴረም የተንጠለጠለበትን፣ ጎማ ያለውን ዘንግ ጨበጠ። «ሁለት ነን። ሦስተኛው ይኸው አለ» አለና ዘንጉን መታ መታ አደረገው። «ይህ ደግሞ ሲቀመጥ ያየው የለም።»

አገኘሁሽ ተረጎመችላቸው። አባ ገብሩ ሆስፒታል ከገቡ ወዲህ ያን ቀን ገና ሳቁ፣ ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ነርሷ ውኃ ይዛ ሮጠች። ውኃቸውን ጠጥተው መልእክታቸውን አስጠኗት፣ ሁለት ጊዜም አስደገሟት።

ዶክተር ሲጋል ከቢሮዋ ልትወጣ በሩን ስትከፍት፣ ደጁ ላይ ጂንስ የለበሰች ሽማግሌ፣ ቀሚሱ ከኋላ የተከፈተ ዓሣ ሻጭና አንድ የሴረም ዘንግ ተሰልፈው ቆመዋል።

«ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ቶሎ በሉ» አለች።

«አንቀመጥም» አለች አገኘሁሽ።

«ደግሞ እናንተም?!»

«አባ ገብሩ ልከውናል። ቃላቸው ካልተሰማ አንቀመጥም።» ይህን ስትል ወገቧ ቀና፣ ድምፅዋም የአባቷን ድምፅ መሰለ። የምትፈራት ዶክተር ፊት መቆሟን ረሳችው።

«በያ ቶሎ በይ፣ ስፌቴ እየሳበኝ ነው» አለ ዮኤል።

ነገረቻት። እናታቸውን ነገረቻት፣ ባልዲዋን ነገረቻት፣ ሽማግሌ ማጣታቸውን ነገረቻት። ዶክተር ሲጋል ሰዓቷን አየች፣ ከዚያ ማየቱን ተወችው። ቀስ ብላ ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች።

«እሱ ብቻ ነው?»

«እሱ ብቻ ነው።»

«ይቀበራል እኮ! የሚቀብሩ ሰዎች አሉ፣ ወስደው በወጉ ይቀብሩታል። ሁልጊዜ ነው የምናደርገው። ማን ነው ይጣላል ያለው?»

«ማንም። ይቀበራልም ያላቸው የለም።»

ዶክተሯ «ሄጄ ልንገረው» ብላ ተነሳች።

«አይሆንም፣ መልስ የሚያደርስ የተላከው ነው። ከፈለግሽ ከኋላዬ ተከተይ» አለች አገኘሁሽ። ዮኤል ግን ከሁሉም ቀድሞ ተቀምጦ ነበር፤ ሁለቱ ሴቶች ደግፈው አነሱት።

አባ ገብሩ መልሱን ሰሙ። ዶክተር ሲጋልም አጠገባቸው ተቀምጣ፣ የምትቆርጠውን፣ የምታስቀረውን፣ ምን ሊበላሽ እንደሚችል ጭምር በዝግታ ነገረቻቸው። ከዚያ አገኘሁሽ ሁሉንም አስወጥታ ብቻቸውን ጠየቀቻቸው። «ካልተቆረጠች ምን እንደሚመጣ ገብቶዎታል?»

«እግሬን ትበላዋለች፣ ቀጥሎ እኔን።»

«ያስገደደዎ ሰው አለ?»

«የላክሁት እኔ ነኝ፤ የላከን ሰው ማን ያስገድደዋል? አምጪው ወረቀቱን።» እስራኤል እንደ ደረሱ በተማሩት በእብራይስጥ ፊደል፣ ምላሳቸውን አውጥተው ስማቸውን ጻፉ። የመጨረሻዋን ፊደል ሳይጨርሱ ከበሩ ወዲያ እልልታ ተሰማ። እማ ሐረጊቱ ጆሮአቸውን በሩ ላይ ለጥፈው ኖረዋል።

ጣቷ ወጣች፣ እግሩ ተረፈ። ጣቷም በወጉ ተቀበረች፣ ከቀብሩ ወደ ሆስፒታሉ የተመለሱት እነ አባ ታዬ «ለመሆኑ ለጣት ስንት ቀን ለቅሶ ይቀመጡላታል?» ብለው ተጨቃጨቁ። አባ ገብሩ «አንድ ሻይ ጠጥታችሁ እስክትጨርሱ» ብለው ፈረዱ። ሦስቱም ያለ ምንም ልመና በወንበር ተቀመጡ፣ ያችን ትራስ ያላትንም አባ ታዬ ወሰዷት። አገኘሁሽንም መረቋት፤ ምርቃቱ ያው ስለ ባል ነበር።

ሻዩ ሲቀዳ ዶክተር ሲጋል ደረሰች። አባ ገብሩ አራተኛዋን ማንኪያ እየጨመሩ አገኘቻቸው።

«ገብሩ! ስኳሩን ካላቆምክ የቀሩት ዘጠኙም ይሄዳሉ! ዛሬ ቃል ትገባልኛለህ።»

«አይሆንም።»

ዶክተር ሲጋል ዞር ብላ ዮኤልን በዐይኗ ጠቀሰችው። ያ ከሀዲ ዘንጉን እየገፋ መጥቶ አጠገቧ ቆመ። እማ ሐረጊቱ መጥተው ቆሙ። እነ አባ ታዬ ተያዩ፣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡና ተነሱ። «ቃል ካልገባህ አንቀመጥም» አለች ዶክተር ሲጋል፣ ደንቡን ምን ያህል እንደተማረች አያችሁ!

አገኘሁሽ «ኧረ ይሄ እኮ…» ብላ ልትነሳ ስትል አባ ገብሩ በእጃቸው አስቀመጧት። ሁሉንም ተራ በተራ አዩ። ጉልበታቸው አንዴ ከብርድ ልብሱ ሥር ሊነሳ ሲል፣ የጨዋ አስተዳደጋቸው ሲጎትታቸው፣ አገኘሁሽ አየች። አባ ገብሩ ግን ትራሳቸውን አመቻቹና ጋደም አሉ።

«ለጣቴ እሺ ብያለሁ» አሉ። «ለሻዬ እምቢ።»

ተኝተው ነው ያሉት! ሽማግሌ ቆሞ፣ ዶክተር ቆማ፣ አባ ገብሩ ተኝተው እምቢ አሉ። አባ ታዬ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ነገር ስላላዩ፣ ግራ ገብቷቸው ተቀመጡ።

ዶክተር ሲጋል ወደ አገኘሁሽ ዞረች። «ንገሪው እንጂ አንቺ!»

«ሰማሻቸው፣ እምቢ አሉ» አለች አገኘሁሽ። ልትስቅ ነበር፣ ዐይኗ እንባ አቀረረ። «በደንብ ገብቷቸው፣ በገዛ አፋቸው።»

ሁሉም እያጉረመረሙ ተበታተኑ። ዮኤልም ወደ አልጋው ተመልሶ አኮረፈ። አገኘሁሽ መጨረሻ ላይ ብርጭቆውን ልታነሳ ስትል አባ ገብሩ እጇን ያዙ።

«ከነገ ጀምሮ ሁለት ማንኪያ አድርጉልኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለነሱ ግን እንዳትነግሪ። ስለቆሙ ይመስላቸዋል።»